የቅዳሜ ንባብ በአዌቱ ማዶ፦ ስለ አንዲት መጽሐፍ አከራይ ቤት

ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ፣ በሁለት ልብስ ሰፊዎች መካከል የተጣበቀች አንዲት መጽሐፍ አከራይ ቤት አለች። በሯ ላይ ሰሌዳ አልተሰቀለም፤ ደንበኞቿም «መጽሐፍ ቤቷ» ከማለት በቀር ስም አላወጡላትም። ላለፉት ስምንት ቅዳሜዎች በዚህች ቤት የሚሰጠውን የንባብ አገልግሎት አንድም ቀን ሳላጓድል ስለተከታተልሁ፣ በከተማው ያለ መጽሐፍ ወዳድ ቢሄድ ይጠቀም እንደ ሆነ በሙሉ ልብ መናገር የምችል ይመስለኛል። ይጠቀማል። ምን እንደሚያገኝና ምን ቢታረም ደግሞ የበለጠ እንደሚያገኝ ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

አገልግሎቱ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን አንድ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ራሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው በደብተር የጻፉትን አጭር ልብ ወለድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ቡና ይፈላል፤ ንባቡ ሲያበቃ ግማሽ ሰዓት ያህል ውይይት ይደረጋል። መግቢያው 30 ብር ሲሆን አንድ ሲኒ ቡና ይጨምራል። መጽሐፍ መከራየት የሚፈልግ 200 ብር መያዣ አስይዞ በሳምንት 15 ብር ይከፍላል፤ መያዣው መጽሐፉ ሲመለስ ያለ ንትርክ ይመለሳል። ቡናው ጅማ ላይ ከሚጠበቀው አያንስም። የቤቱ ባለቤት በንባቡ ጊዜ ስልክ እንዲዘጋ ትጠይቃለች፤ የማይዘጋውን ሰው አትቆጣም፣ አጠገቡ ሄዳ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ እስከ ዛሬ ሁለተኛ ጊዜ መጠበቅ ሲያስፈልጋት አላየሁም።

መቀመጫዎቹ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ናቸው። ለዓይን ያማሩ ቢሆኑም ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ንባብ አይመቹም፤ ወገቡን የሚያመው ሰው ቀደም ብሎ መጥቶ ግድግዳውን የተደገፉትን ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ቢይዝ ይሻለዋል። ከዚህ የሚከፋው ጣሪያው ነው። ቤቱ ኮርኒስ የለውም፤ የጅማ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም። በአንደኛው ቅዳሜ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ካፖርቱን ተቀምቶ በበረዶ ላይ ቆሞ ሳለ ዝናቡ መጣና ሃያ ደቂቃ ያህል ሁላችንም እያዳመጥነው ዝም ብለን ተቀመጥን። እኔ ያን ሃያ ደቂቃ አልጠላሁትም፤ ነገር ግን ክረምቱን በሙሉ እንዲህ መቀጠል ስለማይቻል ባለቤቷ ለኮርኒሱ የሚሆን ገንዘብ ከመግቢያው ዋጋ ላይ ብትጨምር የሚያጉረመርም ያለ አይመስለኝም።

የዚህ ዙር ጉዳይ ዘመን የተሻገሩ አጫጭር ልብ ወለዶች ውስጥ ያለው የዋና ገጸ ባሕርያት ብቸኝነትና ባይተዋርነት ነበር። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን የአየርላንዱን ደራሲ የፍራንክ ኦኮነርን ሐሳብ አንሥተው ጀመሩ። ኦኮነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለ አጭር ልብ ወለድ ባሳተመው ጥናት፣ ይህ የጽሑፍ ዓይነት ከኅብረተሰቡ ጠርዝ ላይ የቀሩትን ሰዎች ይዞ እንደሚነሣና ከሁሉ በላይ የሚሰማበትም የብቸኝነት ድምፅ እንደ ሆነ ይከራከራል። ከስምንቱ ቅዳሜዎች በኋላ እኔም ይህን የተቀበልሁት በራሴ ምክንያት ነው። ረጅም ልብ ወለድ ለሰውየው ዘመድ አዝማድ፣ ጎረቤት፣ ባላንጣ፣ የልጅነት ጓደኛ ሊሰጠው ይችላል፤ ገጹ ይበቃዋል። አጭሩ ግን ያን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ሰውየውን ከሕይወቱ መካከል ነጥሎ ሲያወጣው፣ ነጥሎ ማውጣቱ ራሱ ብቸኛ ያደርገዋል፤ ታላላቆቹ ደራስያን ይህን የመልኩን ጥበት እንደ ጉድለት አልቆጠሩትም፣ የሚነግሩት ታሪክ አደረጉት እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት ቃላት ጥቂት ልበል፤ አገልግሎቱ ለእኔ ከሰጠኝ ነገር ሁሉ ትልቁ እነዚህን ሁለት ቃላት መለየት ነውና። በአማርኛ ብቸኛና ባይተዋር ብዙ ጊዜ እየተለዋወጡ ይነገራሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ብቸኛ ያጣው ሰው ነው፤ ሰው ካገኘ ብቸኝነቱ ሊያበቃ ይችላል። ባይተዋር ግን ሰው መካከል ተቀምጦ፣ ቋንቋቸውን እየሰማ፣ ከማዕዳቸው እየበላ እንግድነቱ የማይለቀው ነው። ወደ ጅማ በሥራ ዝውውር ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍሁበት ሁኔታ ብቸኝነት እንጂ ባይተዋርነት እንዳልነበረ የገባኝ በዚህች ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው፤ የግቢው ሰዎች ለቡና ይጠሩኝ እንደ ጀመሩ ለቅቆኝ ሄዷልና። በውይይቱ ላይ አንድ አዛውንት በአፋን ኦሮሞ «ኮጱማ» የሚለውን ቃል ጠቅሰው፣ «ይህኛው ብቻውን ስላለ ሰው ነው፤ እናንተ የምትሉት ሁለተኛው ግን ሌላ ነው» ሲሉ መምህሩ በደብተራቸው ጻፉት።

ዙሩ የተከፈተው በኒኮላይ ጎጎል ነው። በ1842 የታተመው «ካፖርቱ» የሚነግረን ፒተርስበርግ ውስጥ ወረቀት ስለሚገለብጥ አካኪ አካኪየቪች ስለሚባል አንድ ትንሽ ጸሐፊ ነው። ሥራውን ይወድዳል፤ ከሥራው በቀር ምንም የለውም፤ ወጣቶቹ የቢሮ ባልደረቦቹ ግን መጫወቻ ያደርጉታል። አሮጌው ካፖርት ከመጣጣፍ ሲያልፍ አዲስ ለማሰፋት 80 ሩብል ያስፈልገዋልና የማታውን ሻይ ይተዋል፣ ሻማ አያበራም፣ የጫማው ሶል እንዳያልቅ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ በጣቱ ይራመዳል። መምህሩ ይህን ክፍል ያነበቡት ሳይቸኩሉ፣ የእያንዳንዱን ቁጠባ ስም ለየብቻ እየጠሩ ነው፤ የንባባቸው ብልኀት የታየኝ እዚያ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊው ፔትሮቪች ከአካኪ ጋር ጨርቅ ሊገዙ ሲወጡ፣ የጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ለኮሌታው የተሻለው ፀጉር ውድ ስለ ነበር ከሩቅ ለሚያየው ሰው ያንኑ የሚመስል የድመት ቆዳ እንደ ተመረጠ ሲነበብ ራሱን ነቀነቀ፤ «ገበሩንስ በምን ሠራው?» ብሎም ጠየቀ። ጎጎል ለእርሱም መልስ አለው፤ ከሐር ይሻላል የተባለለት ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። አካኪ በሕይወቱ ከሰው ጋር አንድ ነገር በጋራ ያሰበው ከዚያ ልብስ ሰፊ ጋር ስለ ካፖርቱ ሲመክር ብቻ ነው። ዝምድናው ሁሉ በአንድ ልብስ ስፌት ውስጥ ተጠቅልሎ ስለ ነበር፣ ልብሱ በሌሊት ሲቀማ የተወሰደበት ልብስ ብቻ አልነበረም። አቤቱታውን ይዞ የሄደበት ባለሥልጣን ሲጮህበት፣ አንባቢው አካኪ የት ሄዶ መናገር እንደሚችል ያስባል፤ የሚሄድበት የለም፤ ይሞታል። ቢሮው የሞቱን ወሬ የሚሰማውም ከተቀበረ ከቀናት በኋላ ነው። ባልደረቦቹ ሲያስቸግሩት የሚላት አንዲት ቃል አለች፤ ተዉኝ፣ ለምን ታስቀይሙኛላችሁ የምትል። ከመካከላቸው አንዱ ወጣት በዚያች ቃል ውስጥ «እኔ ወንድምህ ነኝ» የሚል ሌላ ቃል ይሰማዋል። መምህሩ «ወንድምህ ነኝ»ን አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በአፋን ኦሮሞ አነበቡት። ያን ያደረጉት ባለጉዳዩ ሁሉም ሰው እንዲሆን አስበው ይመስለኛል፤ በእኔም ላይ ሠርቷል።

ሦስተኛውና አራተኛው ቅዳሜ የኸርማን ሜልቪል ነበር። በ1853 የወጣው የ«ባርትልቢ» ታሪክ በኒው ዮርክ ዎል ስትሪት ላይ ስላለ የሕግ ጠበቃ ቢሮ ነው፤ ባርትልቢ እንደ አካኪ ወረቀት ገልባጭ ሆኖ ይቀጠራል፣ የእርሱ መስኮት የሚያየውም ግንብ ነው። አንድ ቀን ጠበቃው ሥራ ሲያዝዘው በጨዋነት እንቢ ይላል፤ ከዚያ በኋላ በተጠራ ቁጥር ያንኑ ይደግማል፤ መገልበጡንም ይተዋል፣ ከቢሮውም አልወጣም ይላል። የትርጉም ቅሬታ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ያችን የታወቀች መልስ «ባላደርገው እመርጣለሁ» ብለው ነው የመለሷት። ትርጉሟ ልክ ነው፤ ነገር ግን ከአማርኛ ተናጋሪ አፍ የምትወጣ አይደለችም፤ አንድ ሰው በአማርኛ በጨዋነት እንቢ ሲል የሚለው «ይቅርብኝ» ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህንኑ ስትናገር መምህሩ ለሁለተኛው ቅዳሜ «ይቅርብኝ»ን ተክተው አነበቡ፤ ታሪኩ ያን ጊዜ ተከፈተልኝ።

«ይቅርብኝ» የገበታ ቃል ነውና። እኛ ዘንድ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው አይተውም፤ «በሞቴ!» ይባላል፣ ይጎረሳል፣ እንቢታው እንደ ይሉኝታ እንጂ እንደ እውነተኛ እንቢታ አይወሰድም። ጠበቃውም ከዚህ የራቀ ሰው አይደለም። ይቆጣል፣ ይታገሣል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ በመጨረሻም ወደ ገዛ ቤቴ እንሂድ እስከ ማለት ይደርሳል። ባርትልቢ ይህንንም አይቀበልም፤ በእስር ቤት ግቢ ከግንብ ሥር ተኝቶ ይሞታል። ብቸኝነት በእንግዳ ተቀባይ ሊፈወስ ቢችልም ባይተዋርነት ግን በር ተከፍቶለት እንኳን እንደማይገባ ከዚህ ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰው በባርትልቢ ተናድዶ ነበር የወጣው። እኔ ግን ሌሊቱን ያሰብሁት ስለ ጠበቃው ነው፤ ደግነቱን ጨርሶ ስለ ሰጠና ስላልበቃ ሰው።

የፍራንዝ ካፍካ ሁለት ቅዳሜዎች አልሆኑልኝም። በ1915 የታተመው «ሜታሞርፎሲስ»፣ አንድ ጠዋት ገላው ተለውጦ ስለ ነቃው ስለ ግሪጎር ሳምሳ የሚተርከው ሥራ፣ ለአንድ ቅዳሜ ይረዝማል፣ ለሁለት ሲከፈል ደግሞ ኃይሉ መካከል ላይ ይፈስሳል፤ ቤቱ ሙሉውን ለማንበብ ከጠዋት መጀመር ነበረበት፤ ወይም ሌላ መምረጥ። ያም ሆኖ መምህሩ ግሪጎር ሳምሳ የሆነውን ነገር የአንድ ነፍሳት ስም ሳይሰጡ «ተባይ» ብለው መተዋቸው ከልብ የሚመሰገን ነው፤ የጀርመንኛው ቃል እንዲሁ ዓይነቱን አይናገርምና። ከዚያ ንባብ የቀረኝ ግሪጎር እንደ ነቃ መጀመሪያ ያስጨነቀው ገላው መለወጡ ሳይሆን ባቡሩ ያመለጠው መሆኑ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር የበኩር ልጅ ያለበት ቤት ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ካትሪን ማንስፊልድ በ1920 ያሳተመችው የወይዘሪት ብሪል ታሪክ ከሁሉ አጭሩ ነበርና ቡናው ሁለተኛ ሳይፈስስ አለቀ። በባዕድ አገር ብቻዋን የምትኖር መምህርት፣ እሑድ እሑድ የፀጉር የአንገት ልብሷን ከሣጥኑ አውጥታ፣ ብል እንዳይበላው የተነሰነሰበትን ዱቄት አራግፋ ለብሳ ባንድ ወደሚጫወትበት መናፈሻ ትሄዳለች። የሰዉን ወሬ ከጎን ትሰማለች፤ ሁሉም ሰው የአንድ ትያትር ተዋናይ እንደ ሆነ፣ እርሷም የራሷ ድርሻ እንዳላት፣ አንድ እሑድ ብትቀር ሰዎች እንደሚያስተውሉ ታስባለች። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ እርሷ ሲናገሩ ትሰማለች፤ ማን ይፈልጋታል የሚል ነው። በየእሑዱ ወደ ቤቷ ስትመለስ የምትገዛውን ቁራሽ የማር ኬክ ሳትገዛ ታልፋለች፤ ኬኩ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ለውዝ ይገኛል፣ አንዳንድ ጊዜ አይገኝም፤ የተገኘ ዕለት ለእርሷ በዓል ነበር። ፀጉሩን ወደ ሣጥኑ መልሳ ስትከድነው አንድ ነገር ሲያለቅስ የሰማች ይመስላታል። መምህሩ ደብተራቸውን ዘጉ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። ብሪልን የሚያሳምመኝ ሰው ማጣቷ አይደለም፤ ሰው እንዳላት አምና መኖሯ እና ያ እምነት በአንድ ዓረፍተ ነገር መነጠቁ ነው።

የመጨረሻው ቅዳሜ የአንቶን ቼኾቭ ነበር፤ በ1886 የታተመው፣ በሩሲያኛ «ቶስካ» የሚባለው። መምህሩ ርእሱን «ትካዜ» ብለውታል። ትካዜ ግን ጸጥ ያለ ነገር ነው፤ ሰው ምሽት ላይ በረንዳ ተቀምጦ ሊተክዝ፣ ትካዜውንም ሊወድደው ይችላል። የባለታሪኩ የኢዮና ፖታፖቭ ኀዘን ደረቱ ተከፍቶ ቢፈስስ ዓለሙን ሁሉ ያጥለቀልቅ ነበር የተባለለት፣ ሆኖም ማንም የማያየው ኀዘን ነው። ለዚህ ቋንቋችን ያለው ቃል የሆድ ብሶት ይመስለኛል፤ ሆድ የባሰው ሰው የሚሻው አንድ ነገር ነውና፣ እርሱም የሚሰማ ሰው።

ኢዮና ፒተርስበርግ ውስጥ በአንዲት ፈረስ የሚጎተት የበረዶ ጋሪ ነጂ ነው። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። የመጀመሪያው ተሳፋሪ፣ አንድ ወታደር፣ በምን ሞተ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ኢዮና ገላውን ሁሉ አዙሮ ሊነግረው ሲጀምር መንገድ ላይ ጩኸት ይነሣል፣ ተሳፋሪውም ቶሎ ንዳ ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀጥለው ሦስት ወጣቶች በማይረባ ሂሳብ ይሳፈራሉ፤ ልጄ ሞተ ሲላቸው ከመካከላቸው ጎባጣው ሁላችንም እንሞታለን ይላል፤ ወዲያው ንዳ ይለዋል። ማታ በማደሪያው አንድ ወጣት ጋሪ ነጂ ውሃ ለመጠጣት ሲነሣ ሊነግረው ይሞክራል፤ ወጣቱ ተከናንቦ ተኝቷል። ኢዮና መናገር የሚፈልገው ነገር ተዘርዝሯል፤ ልጁ እንዴት እንደ ታመመ፣ እንዴት እንደ ተሠቃየ፣ ከመሞቱ በፊት ምን እንዳለ፣ ቀብሩ እንዴት እንደ ነበር። በመጨረሻ ወደ ጋጣ ይወርዳልና ድርቆሽ ለምታመነዥከው ፈረሱ ሁሉንም ይነግራታል።

በሩ አጠገብ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አንድም ቃል ሳይናገሩ የሚሄዱ፣ ባጃጁ ሳይበዛ በፊት በጅማ መንገዶች ጋሪ ሲነዱ የኖሩ አንድ አባት ነበሩ። ንባቡ ሲያበቃ መምህሩ «አባባ፣ እንዴት አዩት?» ብለው ጠየቋቸው። እርሳቸውም መጀመሪያ፣ «እድር አልነበረውም?» አሉ። መምህሩ ሰውየው ለእንጀራ ከገጠር መጥቶ በከተማው እንግዳ እንደ ነበር አስረዷቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ታዲያ ለፈረሷ ባይነግር ኖሮ ነበር የሚገርመኝ» አሉ።

ይህን የተናገሩት የፈረስን ነገር ከሚያውቅ አገር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመው ዳግማዊ አባ ጅፋር ዛሬም የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉ ሁሉ። ንጉሥ በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር፣ ጋሪ ነጂ ለፈረሱ ልጁን ማርዳቱ የመጨረሻው ውርደት ላይሆን ይችላል። እኔ ታሪኩን ቀድሞ ሳነበው ፍጻሜው ፍጹም ተስፋ ቢስ ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እንደዚያ ማንበብ አልቻልሁም።

ስለ እድሩ የጠየቁት ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። ኢዮና ሊናገራቸው የሚፈልጋቸው ነገሮች በሙሉ ለቅሶ ቤት የሚጠየቁ ናቸው። ድንኳን ውስጥም ሆነ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ተእዚያ ላይ፣ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «እንዴት ሆነ?» ይባላል፣ ኀዘንተኛውም ሕመሙን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ፣ የመጨረሻዋን ቃል ሳያስቀር ለሃያኛ ጊዜ ይተርካል። ሁሉም ሰምቶታል፤ ሁሉም እንደ ገና ይሰማዋል። «የሁላችንም መንገድ ነው» የምትለዋ ቃል እኛም ጋ አለች፤ ጎባጣው ወጣት ካላት ቃል በትርጉም አትለይም። ልዩነቱ እኛ ሰምተን ስናበቃ የምንላት መሆኑ ላይ ነው፤ እርሱ ግን ላለመስማት ተጠቀመባት።

ትልቁ ነቀፌታዬም ከዚሁ የሚነሣ ነው። መምህሩ ውይይቱን ሁልጊዜ የሚዘጉት «ትምህርቱ ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። ልማዱ ከየት እንደ መጣ ይገባኛል፤ ተረት የሰማ ልጅ መጨረሻ ላይ ምክሩን ይጠብቃል፣ በትምህርት ቤትም የለመድነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጥያቄው በተጠየቀ ቁጥር ቤቱ ይለወጣል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አካኪን ያዳመጠው ሰው መምከር ይጀምራል፦ ሥራ ቢለውጥ፣ ቢያገባ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ቢቀላቀል። ባርትልቢ ጠበል ቢገባ። በቼኾቭ ቀን እንኳን ሽማግሌው የተናገሩት ቃል ገና አየር ላይ ሳለ ጥያቄው መጣና አንድ ወጣት ሰው ማኅበራዊ ኑሮውን ማጠናከር እንዳለበት አስረዳን። ወጣቱ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን መለሰ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ከሞቱ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳን በቅጡ የሰማቸው ቤት ስለ ተገኘ፣ ያ ቤት በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች እንደ ተሳፋሪዎቹ «ቶሎ ንዳ» ባይላቸው እመኛለሁ። ይህን ለመምህሩ በግል ነግሬያቸዋለሁ፤ በትሕትና አዳምጠውኝ ሕዝቡ ባዶ እጁን እንዲሄድ እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። በዚህ አልተስማማንም።

ሁለተኛው ጉድለት የምርጫው ነው። ስምንት ቅዳሜ ሙሉ አንድም የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ አልተነበበም፤ ባይተዋርነትን ከፒተርስበርግና ከኒው ዮርክ ብቻ እንደመጣ ዕቃ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ፋና ወጊ የሚባለው ታደሰ ሊበን በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ «መስከረም»ን ሲያሳትም፣ በአሮጌውና በአዲሱ ኑሮ መካከል የቆሙ የከተማ ሰዎችን ይዞ ነበር የመጣው። ትርጉም የማያሻው፣ መምህሩም ሌሊቱን ደብተር ላይ ሲደክሙ እንዳያድሩ የሚያደርግ ንባብ ይሆን ነበር።

ይህን ለባለቤቷ ሳነሣ ወደ ጓዳ ገብታ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ቅጂ አምጥታ አሳየችኝ። አታከራየውም፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም ብላ ትፈራለች። እዚያው ቁጭ ብሎ ለሚያነብብ ግን ያለ ክፍያ ትሰጣለች፤ ሰኞና ረቡዕ ከሥራ ስወጣ እየሄድሁ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ እያነበብሁት ነው። ቤቷ በሥራ ቀናት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ናት፤ መብራት ሲጠፋ ባለቤቷ ፋኖስ ታበራለች።